የደብዳቤው አፍ

ፋጢማ ፊደል አልቆጠረችም፤ አፍራበትም አታውቅም። በሠፈራው ዘመን ከወሎ ወደ ጋምቤላ ስትወርድ ሃያ አምስት ዓመቷ ነበር። ስድስት ወለደች፣ አራት አሳደገች፣ ባሏን ቀበረች፣ ሱቅ ከፈተች፤ ይህን ሁሉ ያለ ሀ ሁ ነው። የተማረ ሰው ሲኮራባት «አንተ ዓይንህን አስተማርክ፣ እኔ ጆሮዬን» ትለዋለች፤ ውሸትም አይደለም።

ሱቋ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ነው። መሐል ላይ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ፤ ከሥሩ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ይቀመጣሉ። የነሱ ደንብ እንዲህ ነው፤ የባለጉዳዩን ነገር ይሰማሉ፣ ይጽፋሉ፣ ከዚያ ጮክ ብለው ያነቡለታል። ባለጉዳዩ «አዎ፣ ነገሬ ነው» ካላለ ጣቱን ቀለም አያስነኩትም። እንግዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ፣ እሷ ሳሙናና ጨው ስትሸጥ፣ የአገሩ ሁሉ አቤቱታ በጆሮዋ አልፏል። ማን እንደጻፈው ሳይነግሯት ታውቃለች። ጡረታ የወጣው የፍርድ ቤት ጸሐፊ አቶ ረታ ከሆነ፣ ነገሩ ላይ ሳይደርስ «ከላይ በተጠቀሰው መሠረት» እያለ ሦስት ጊዜ ዛፉን ይዞራል። ዳክ ከሆነ፣ የኑዌር ልጅ ነውና፣ ባለጉዳዩ የማን ልጅ እንደሆነ እስከ ቅድመ አያቱ ሳይቆጥር አይጀምርም፤ ላም ጠፋች ከተባለም አስቀድሞ የላሟን መልክ ነው የሚጽፈው። ሰው እንደ አረማመዱ ነው የሚጽፈው፤ ከኋላው ሆነህም ትለየዋለህ።

ይህን ከተማው ያውቃል። ሲስተር የሺአረግም ስለምታውቅ ነው፣ በዚያ የየካቲት ማክሰኞ፣ ሙቀቱ ገና ቆርቆሮውን ማንጫጫት ሳይጀምር ሱቁ ደጃፍ ላይ የቆመችው።

የሺአረግ የጤና ጣቢያው አዋላጅ ናት። ከጎጃም መጥታ ሃያ ሁለት ዓመት የዚህን ከተማ እትብት ስትቆርጥ የኖረች ሴት ናት። የዛን ዕለት ዓይኗ ሥር እንደ ቦርሳ ተንጠልጥሏል።

«ምነው? ስታዋልጂ አደርሽ?» አለቻት ፋጢማ።

«ባዋልድስ በተሻለ፣ እትዬ ፋጢማ። ዓይኔን ሳልከድን ነው የነጋው።» የሳሙና ካርቶን ላይ ተቀመጠችና ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «ስም የሌለው ደብዳቤ ተጽፎብኛል። ሐሙስ ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። ጸሐፊው ከታወቀ እሱ ቀርቦ ቃሉን ይሰጣል፤ ካልታወቀ ግን እስኪጣራ ከሥራ ትታገጃለሽ ብለውኛል። በኛ አገር ደግሞ እስኪጣራ ማለት እስክትሞቺ ማለት ነው።»

«ማን ጻፈው ትያለሽ?»

«አቶ ረታ ነው እንጂ ሌላ ማን! ስኳር በሽታ እያለበት ለስላሳ ሲጠጣ አግኝቼው በሰው ፊት ተቆጥቼዋለሁ። በኮምፒዩተር ስለተጻፈ እጁ አይታወቅም። እርስዎ ብቻ የሱ አነጋገር ነው ይበሉልኝ። የእርስዎን ጆሮ ኮሚቴውም ያምናል።»

«እስቲ መጀመሪያ አንብቢው። ሳይቀመስ ጨው በዛ አይባልም።»

የሺአረግ አነበበች። ፋጢማ ዓይኗን ጨፍና፣ ጨው እየሰፈረች አዳመጠች።

«ለሚመለከተው ሁሉ። ይህች ሲስተር ተብዬ ነጭ ጋዋን ለብሳ ጥቁር ሥራ የምትሠራ ናት። ለእናቶች የመጣውን መድኃኒት ለወዳጆቿ ታድላለች። ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም። ምላሷ ከባሮ ይረዝማል፤ ጥልቀቱ ግን ቁርጭምጭሚት አያረጥብም። እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ውሻ ሻንጣ ያንጠለጠለውን እየተከተለች፣ ባዶ እጁን የመጣውን ዞር ብላ አታየውም። ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም...»

የጨው ጣሳው ፋጢማ እጅ ላይ ቆመ።

የአውሮፕላን ማረፊያው ውሻ የሷ ነው። ከዛሬ አሥር ዓመት በፊት ለአንድ የቀበሌ ሰው ያወጣችለት ስም ነበር፤ ሰውዬው ከተማ እስኪለቅ ድረስ ተከትሎታል። የባሮውም የሷ ነው፤ ለአንድ ደላላ ያለችው። «ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም» ደግሞ ነገር የምትዘጋበት ቁልፏ ነው፤ ጧት ማታ፣ ለልጅም ለደንበኛም ለሐዘንም። አንድ ሰው አፏን አውጥቶ ወረቀት ላይ ያስቀመጠው መሰላት። እጅ የሌለው አፍ ግን አይጽፍም።

የሺአረግ ማንበቧን ቀጠለች። ወደ ማለቂያው ስትደርስ ድምፅዋ አንድ ጊዜ ተያዘ፤ አውራ ጣቷን ወረቀቱ ላይ ጫን አድርጋ ትንፋሽ ወሰደችና «...ይህን የሚያውቅ ያውቀዋል» ብላ ጨረሰች።

ፋጢማ ዓይኗን ገለጠች። «ረታ አይደለም።»

«እንዴት አይደለም?»

«ረታ ተሳድቦ አያውቅም፤ ወኔውም የለው። ረታ ሲጽፍ ሟችን እንኳ ግራ ቀኝ አይቶ ነው ሟች የሚለው። ይሄ ደግሞ ከመጀመሪያው መስመር በጥፊ ነው የጀመረው። ረታ አንዱን ነገር ይዞ አይለቅም፤ ይሄ አንዱን ወርውሮ ሌላውን ያነሳል፤ እንደ ተናደደች ሴት። ረታን ተዪው። በማያውቀው ነገር ከዛፉ ሥር ታስነሺዋለሽ።»

«እንደ ሴት አሉ?»

«አልኩ።»

 አንድ ባጃጅ አቧራ አልብሷቸው አለፈ።

«ወረቀቱን ተዪልኝ» አለች ፋጢማ።

«አያነቡት፤ ምን ያደርግልዎታል?»

«አንቺስ አንብበሽ ምን ጠቀመሽ?»

የሺአረግ ደክሟት ሳቀች፤ ሳቋ ከሳል አይለይም ነበር። ወረቀቱን በሚዛኑ ላይ አስቀምጣ ተነሳች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ሳትዞር፣ «ሙሉውን ያስነብቡት» አለችና ሄደች።

ሙሉውን? ፋጢማ ይህችን ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ይዛት ቀረች።

ረፋዱ ላይ መንገዱን ተሻግራ ማንጎው ሥር ሄደች። ጉልበቷ ከክረምት ወዲህ ሞቷል፤ ሃያ እርምጃው ወደ ማታር ከተማ እንደሚወስደው መንገድ ረዘመባት። በሃያ ዓመት ውስጥ ከዛፉ ሥር ስትመጣ የመጀመሪያዋ ስለሆነ አቶ ረታ መነጽሩን አወለቀ።

«ወይዘሮ ፋጢማ፣ ምን ጉዳይ ቢኖርዎት ነው?»

«ጉዳይስ የለኝም። ዳክ፣ ይህን አንብብልኝ። ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ።»

ዳክ ረጅም፣ ግንባሩ ላይ የኑዌር ወንዶች የሚበጡት ስድስቱ መስመር የተሰመረበት ሰው ነው። አማርኛን በትምህርት ቤት ስለተማረው እንደ ሰው ዕቃ በጥንቃቄ ነው የሚይዘው። ሲያነብም አይቆጣም፣ አይለሳለስም። ፋጢማ የፈለገችውም ይህንኑ ነበር። የሺአረግ ስታነበው ቁጣው የማን እንደሆነ አይለይም፤ የተሰደበ ሰው ስድቡን ሲያነብ ከራሱ ይጨምርበታል። በዳክ አፍ ግን ቃሉ ራቁቱን ወጣ። ስድቡም ስድብ መሆኑ ቀርቶ፣ ደክሞት የሚጮኽ ሰው ድምፅ ሆነ። ከዚያ የሺአረግ ትንፋሽ የወሰደችበት ቦታ ላይ ደረሰ።

«ነሐሴ አሥራ ሰባት ቀን ዝናብ ነበር። መብራት ጠፋ። ሲስተር አልነበረችም። ጣሪያው ባልዲ ውስጥ ያንጠባጥብ ነበር። እቆጥር ነበር። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ደረሰ። ይህን የሚያውቅ ያውቀዋል።»

ፋጢማ የዛፉን ግንድ ያዘች።

«ማማ፣ ይሄ ሰው ሁለት ነው» አለ ዳክ ወረቀቱን እያገላበጠ። «ላይ ላይ ያለው ይሳደባል። እዚህ ያለው አይሳደብም። ላይ ያለው ብዙ ያውቃል። ይሄኛው ትንሽ ነው የሚያውቀው፣ ግን አይቷል። እኔ የሚለውም እዚህ ብቻ ነው።»

አቶ ረታ ወረቀቱን ተቀብሎ በዓይኑ ሮጠበት። «ደግሞ ጥያቄ የለውም» አለ። ሙያው ተነክቶበት ነበር። «ማመልከቻ የመጨረሻው መስመር ላይ ይጠይቃል። ይዛወርልኝ፣ ይቀጣልኝ፣ ይካሰኝ ይላል። ይሄ ምንም አይልም። አርባ ዓመት ስጽፍ፣ የማይጠይቅ ሰው ያየሁት የሚፈልገውን ማንም ሊሰጠው እንደማይችል ሲያውቅ ብቻ ነው። የማን ነው ይሄ?»

«የእኔ ነው» አለች ፋጢማ፤ ወረቀቱን ቀምታው ሄደች።

ነሐሴ አሥራ ሰባት የሁዳ ቀን ነው። ሁዳ የመጨረሻ ልጇ ናት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒዩተር ላይ የምትሠራ። ባሏ ሙአዝ ዕቃ ጭኖ ማታር ይመላለሳል። የበኩር ልጇን ልትወልድ በዚያ አመሻሽ ጤና ጣቢያ ገባች፤ ልጁ እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ መጣ፤ አልተነፈሰም። በማግሥቱ ቀበሩት። ሁዳ ግድግዳ ግድግዳውን ስታይ ፋጢማ አጠገቧ ተቀምጣ፣ «አላህ ሰጠ፣ አላህ ወሰደ። ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም» አለቻት። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ቀን በቤቱ ተወርቶ አያውቅም።

ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይህን ያህል ነው። ፋጢማ የምታውቀው ግን ሌላ ነገር አለ፤ ስድስት ወር ሙሉ እንደ ጠጠር በጫማዋ ይዛ የምትሄደው።

እኩለ ቀን ላይ ባጃጅ ይዛ ወጣች። ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ከመንገድ ጠርጎታል። ሁዳ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ለምሳ ተዘግቶላት፣ በኪራይ ቤቷ ወለል ላይ ሰሌን አንጥፋ ተጋድማ ነበር። እናቷን በዚያ ፀሐይ ስታያት ተነሥታ ተቀመጠች። ከዚያ እጇ ላይ ያለውን ወረቀት አየች፤ ዓይኗን ነቀለች።

«ማን አነበበልሽ?»

«ሁለት ሰው። አንዷ ዘላ፣ አንዱ ሳይዘል።» ፋጢማ ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «የአውሮፕላን ማረፊያውን ውሻ ምን በደልኩሽ ብለሽ አመጣሽው?»

 «የኔ ስድብ የለኝም» አለች ሁዳ። «ስቀመጥ የሚመጣልኝ ያንቺ ነው። ስናደድ አፌ ውስጥ ያለሽው አንቺ ነሽ። እንዳልጮህ አሳድገሽኛል፤ ምን ብዬ ልጩህ?»

«መድኃኒት ታድላለች ያልሽውስ?»

«ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው።»

«ስለዚህ ዋሸሽ።»

«ስለ ባልዲው አልዋሸሁም። ሲስተሯ አልነበረችም፤ እማ። የፅዳት ሠራተኛዋ እጄን ይዛ 'ትመጣለች፣ ትመጣለች' ትለኝ ነበር። እቆጥር ነበር። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ላይ ነው የመጣችው፤ እሱ ደግሞ ቀድሟት መጥቶ ነበር። የት ነበረች? ለስድስት ወር ማንም አልነገረኝም። አንቺም ዝም፣ እሷም ዝም።»

ፋጢማ እንደዚያን ቀን ደክሟት አያውቅም። ለመቆጣት አፏን ከፈተች፤ የመጣላት ያው የድሮው ነበር። ያን ደግሞ ልጅቷ ቀድማ ጽፋዋለች። የገዛ ስድቧ በሰው እጅ ተገልጦ ስታየው ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ገባት፤ አሥር መስመር ሄዶ ሄዶ አንድ ባልዲ አያክልም።

«ብዕርና ወረቀት አምጪ» አለች።

«ለምን?»

«ጻፊልኝ። ዛሬ እኔ ነኝ ባለጉዳይ። እንዳልኩት ጻፊ፤ ከራስሽ አትጨምሪ፣ ከኔም አትቀንሺ።»

ሁዳ ደብተር አመጣች። ፋጢማ ጉልበቷን እያሸች ጀመረች። ከወትሮው ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፤ ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ በእጅዋ እየዳሰሰች እንደምታስቀምጥ።

«እኔ ፋጢማ ነኝ። ነሐሴ አሥራ ሰባት ልጄ ስታምጥ ጤና ጣቢያው በር ላይ ነበርኩ። መብራት ሲጠፋ ሲስተር የሺአረግ ከልጄ አጠገብ ነበረች።»

የሁዳ እጅ ሮጦ ደረሰባት።

«ያላቸው ባትሪ አይሠራም ነበር። ከሱቄ ትልቁን ባትሪ ሄደሽ አምጪ አልኳት። ጉልበቴ በጭቃው አያስኬደኝም ነበር። ሲስተር የሺአረግ ትቻት አልሄድም አለች።»

እጁ ዘገየ።

«ምጡ ገና ነው አልኳት። ስድስት ወልጃለሁ፣ ካንቺ የበለጠ አውቃለሁ አልኳት። በጨለማ ልታዋልጃት ነው ወይ ብዬ ጮህኩባት። የሱቄን ቁልፍ ከነገመዱ አንገቷ ላይ ጣልኩ። የላክኋት እኔ ነኝ።»

ብዕሩ ቆመ። ውጪ አንድ ሰው የፕላስቲክ ጀሪካን እየጎተተ አለፈ።

«ጻፊው» አለች ፋጢማ።

«ሰማሁ።»

«መስማትሽን አይደለም። ጻፊው።»

ሁዳ ጻፈች። ፊደሎቹ ትልልቅ ሆነው፣ እንደ ሕፃን ጽሕፈት መስመር ለቀው ሄዱ። ጽፋ ስትጨርስ ራሷን አላነሳችም። «አንቺ ነሽ እንዴ?» አለች፤ ጥያቄም አልነበረም። ድምፅዋ እዚያች ወረቀት ላይ ባልዲውን የጻፈው ሰው ድምፅ ነበር። «እኔ እኮ እሷን ነበር የምጠላው። ስድስት ወር እሷን ጠልቼ ነው የቆምኩት።»

 

ሁዳ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገችና፣ «ምን ብዬ ልዝጋው?» አለች።

«ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም በይ።»

«አልልም። እሱን ለኔ ብለሽኛል።»

«እንግዲያው አቶ ረታ መጨረሻ ላይ ይጠየቃል ብሏል።» ፋጢማ አሰበች። «ሲስተሯ ሥራዋ ላይ ትቀመጥልኝ በይ። ልጄም...» ቃሉ አልወጣም፤ ጨው እንደበዛበት ወጥ ምላሷ ላይ ቀረ። «'ልጄም' ያልኩትን አትጻፊ። የልጄን አንቺ ጻፊው፤ የምትፈልጊውን አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

ሁዳ ለረጅም ጊዜ ብዕሩን ይዛ ቆየች። የጻፈችው አንዲት መስመር ነበር። ከዚያ በማንጎው ሥር ደንብ ከላይ ጀምራ ጮክ ብላ አነበበችላት፤ ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ። የራሷን መስመር ግን አላነበበችም። ፋጢማም አልጠየቀቻት። ሁዳ የብዕሩን ቀለም አፍስሳ አውራ ጣቷን ቀባችላት፤ ከስድስት ወር ወዲህ እጇን ስትነካት የመጀመሪያዋ ነበር። ፋጢማ ጫን አድርጋ አተመች።

ሐሙስ ጧት በጤና ጽሕፈት ቤቱ ኮሪደር አግዳሚ ላይ ሦስት ሴቶች ተቀመጡ፤ የሺአረግ በአንዱ ጫፍ፣ ሁዳ በሌላው፣ ፋጢማ መሐል። ማንም ማንንም አላየም። ሲጠሩ ሁዳ ቀድማ ተነሳችና ሁለቱንም ወረቀት ይዛ ገባች፤ የመጀመሪያውን እኔ ነኝ የጻፍኩት ለማለት። ስለ መድኃኒቱ የጻፈችው ከሰው የሰማችው ወሬ እንጂ ያየችው ነገር እንዳልሆነ እዚያው ቆማ ተናገረች። ሰብሳቢው ሁለተኛውን ደብዳቤ አነበበው፤ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀና ሌላ ማንም ምንም እንዳይናገር በእጁ ከለከለ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ከመዝገብ እንዲወጣ፣ ሲስተር የሺአረግም ከሰዓት በኋላ ሥራዋ ላይ እንድትገኝ ተወሰነ። ጤና ጣቢያው የሚሠራ ባትሪ ለምን እንዳልነበረው ግን ማንም አልጠየቀም። ያን የሚጠይቅ ደብዳቤ ገና አልተጻፈም።

ደጅ ሲወጡ ሁዳ ሥራ አለብኝ ብላ ባጃጅ ይዛ ሄደች። ፋጢማና የሺአረግ ጥላ ፍለጋ በአጥሩ ጥግ ቆሙ።

«አውቀሽ ነበር» አለቻት ፋጢማ። «ያን ቦታ ዘለልሽው።»

«ቀኑን እንዳየሁት አወቅኩ። ግን ለሁለት ቀን፣ ረታ ነው ብዬ ራሴን ለማሳመን ሞከርኩ። ረታን መጥላት አይከብድም።»

«ለምን ለኮሚቴው አልነገርሻቸውም? እሷ ላከችኝ ለማለት ምላስ አጣሽ?»

«ብሄድም ባልሄድም እኔ ነኝ አዋላጇ፤ አልሄድም ብዬ መቆም ነበረብኝ። ደግሞ ልጅዎት እኔን ብትጠላ አይጎዳትም፤ ሌላ ሲስተር ጋ ትሄዳለች። እርስዎን ከጠላች ማን ይቀራታል ብዬ ነው።» የሺአረግ ፊቷን በመዳፏ ጠረገች። «ብቆይም ይተርፍ ነበር ብዬ አልምልልዎትም፣ እትዬ ፋጢማ። አይተርፍም ብዬም አልምልም። እሱ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ፤ ደብዳቤው አይደለም።»

ፋጢማ ራሷን ነቀነቀች። የምትዘጋበት ቃል ነበራት፤ አፏ ላይ መጣ፤ መልሳ ዋጠችው።

«ባትሪው እስካሁን እኛ ጋ ነው» አለች የሺአረግ። «ዛሬ እልክልዎታለሁ።»

«ይቀመጥ። ድንጋዩን በየወሩ ከሱቅ ውሰጂ።»

ተለያዩ። ፋጢማ በእግሯ፣ በአጥሩ ጥላ ጥላውን ወደ ሱቋ ሄደች። ማንጎው ሥር ስትደርስ ዳክ ከሩቅ አይቷት በርጩማውን ጎትቶ አስቀመጠላት። አቶ ረታ ለስላሳውን ከኋላው ደበቀ።

«ማማ፣ ጽሑፉ ምን ሆነ?» አለ ዳክ።

ፋጢማ ተቀመጠች፤ ጉልበቷን ዘረጋች። ሁዳ ፎቶ ኮፒ አድርጋ የሰጠቻትን የደብዳቤዋን ግልባጭ ከጉያዋ አወጣችና ሰጠችው። «የመጨረሻዋን መስመር ብቻ አንብብልኝ። የልጄ ናት፤ ሌላው የኔ ነው።»

ዳክ ፈልጎ አገኛት። እንደ ልማዱ ሳይቆጣ፣ ሳያለሳልስ አነበበ፦

«እናቴ ስለዚያ ቀን እንድታናግረኝ እጠይቃለሁ።»

አቶ ረታ ቀና አለ። «ይሄ ጥያቄ ነው» አለ፤ እንደ ባለሙያ።

«ነው» አለች ፋጢማ። ትንሽ አረፈች። ከዚያ ግንዱን ይዛ ተነሳችና ሱቁን ሳትከፍት፣ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚሄድ ባጃጅ ለማስቆም እጇን ወደ መንገዱ ዘረጋች።